ባሲል ቢሆን ኖሮ ምን ያደርግ ነበር

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 5
ዝናብ። ዛሬም ክለብ አልሄድኩም። ባሲል ከሞተ ወዲህ ሐሙስ ሲመጣ እግሬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አልሄድ ብሏል። የክለቡ ዴኒስ ደውሎ፣ «ና እንጂ ኔቪል፣ ጠረጴዛው ናፍቆሃል» አለኝ። ሳቅኩለት። አልሄድኩም።

ሄጄስ ምን ልሆን? ሠላሳ ዓመት ከአንድ ሰው ጋር የተዋጋሁ ሰው ነኝ። ጦርነቱ የጠረጴዛ ነው፣ ወታደሮቹም ጣት የማያህሉ ብረቶች ናቸው... ቢሆንም። ባሲል የሚያደርገውን ገና ኮቱን ሳያወልቅ አውቀው ነበር። ግራ ክንፉን ለመድፌ ይገብርና ፈረሰኞቹን በስንቅ ጋሪዬ ላይ ይለቃል። ጋሪው በደንቡ አንዲት ነጥብ እንኳ አያስገኝም! እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ ይስቃል፣ ከዚያ አሸንፈዋለሁ። ሁልጊዜ። ቂል!

የብረት ወታደሮቹን ሚስቱ ሂልዳ በቀብሩ ማግስት በጫማ ካርቶን አድርጋ ሰጥታኛለች። ካርቶኑን አልከፈትኩትም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 8
ከፈትኩት። በትርፉ ክፍል ጠረጴዛ ላይ የሱን ጦር በሱ በኩል፣ የኔን በኔ በኩል ደረደርኩ። መሃል ላይ ሁልጊዜ የምንዋጋበትን ኮረብታ አቆምኩ።

ብቻውን ለሚጫወት ሰው ዘዴ አለው። ጠላት ሊያደርግ የሚችለውን ከአንድ እስከ ስድስት ትጽፋለህ፣ ተራው ሲደርስ ዳይስ፣ ባለ ስድስት ቁጥሯን ጠጠር፣ ትጥላለህ። የወጣው ቁጥር ያዛል። ባሲል ቢሆን ኖሮ ምን ያደርግ ነበር እያልኩ ጻፍኩ። አንድ፣ ባለበት ይቆማል... ስድስት፣ ፈረሰኞቹ ወደ ጋሪው።

ጣልኩ። ስድስት።

ባዶ ቤት ውስጥ ጮህኩ! ከዚያ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 11
ዛሬም ስድስት። ትናንትም። ዳይሱን ቀየርኩ፣ በብርጭቆ አንቀጥቅጬ ጣልኩ። ስድስት። ዴኒስ ቢሰማ፣ «የምታስታውሰው ስድስቱን ብቻ ነው» ይለኝ ነበር። ይሆናል...

እሑድ፣ ኦክቶበር 15
ከክፍሉ ስወጣ በሩን መቆለፍ ጀምሬያለሁ። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ጎረቤት ሣር ያጭዳል። ግን በሱ በኩል ላለው ባዶ ወንበር ጀርባዬን መስጠት አልወድም።

ዛሬ ዳይሱን ሳልጥል የባሲል ፈረሰኞች ጋሪው አጠገብ ደርሰው አገኘኋቸው። እኔ ነኝ ያንቀሳቀስኳቸው? እኔ ነኛ፣ ሌላ ማን አለ? ከዚያ ጣልኩ። ስድስት። አልጮህኩም።

ዴኒስ ደወለ። «ተጫዋች አግኝቻለሁ» አልኩት። «ማንን?» አለ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 19
ሂልዳ የፖም ኬክ ይዛ መጣች። ክፍሉን አሳየኋት። ሻይዋን እንደያዘች ብዙ ቆመች።

«ለምንድነው ሁልጊዜ ጋሪውን ብቻ?» አልኳት። «ነፍሱን ይማረውና ሞኝ ነበር እኮ።»

«ሞኙስ አንተ ነህ» አለችኝ። «ረቡዕ ረቡዕ የወጥ ቤቴን ጠረጴዛ በሹካና በጨው ዕቃ ሞልቶ ያቅድ ነበር። ‹ሂልዳ፣ ፈረሰኞቹን ይዤ ኮረብታው ላይ ብወጣ አለቀለት!› ይለኛል። ‹ውጣዋ!› እለዋለሁ። ‹ኔቪል ግን የሚጠብቀው ጋሪውን ነው። ካልነካሁበት ከፍቶት ነው ቤቱ የሚገባው› ይላል።»

«አይሰለቸውም ነበር?»

«ይሰለቸዋል እንጂ። እስክትጮህ ድረስ። ስትጮህማ... መጥቶ ጩኸትህን ያስመስልልኛል፣ አብረን እንስቃለን።»

አፈርኩ። ከሄደች በኋላ ከአንድ እስከ ስድስት የጻፍኩበትን ወረቀት ደጋግሜ አነበብኩት። አንድም ቦታ ላይ ባሲል የለበትም። ያለው እኔ ስጠብቀው የኖርኩት ነገር ነው። ሂልዳ እያወራች እንኳ የፈለግኩት ጋሪው እንዲነካ ነበር።

ባሲል ካልሆነ ግን... ሰሞኑን በዚያ በኩል ሲጫወት የነበረው ማነው?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 20
በሩን አልከፈትኩም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 22
ከቁርስ በኋላ ገባሁ። ክፍሉ ቀዝቅዟል። ወረቀቱን ቀደድኩት። እንዲያው ምን እንደሚሆን ልይ ብዬ ዳይሱን ጣልኩ። ስድስት።

እና? አሁን ስድስት ምንም አያዝም። ፈረሰኞቹ ባሉበት ቆመዋል። ፊታቸው ግን ወደ ጋሪው አልነበረም፣ ወደ እኔ ነበር። እንዲያ አድርጌ ነው የተውኳቸው? ትእዛዝ የሚጠብቁ መሰለኝ። ፈራሁ፤ ለራሴ ምን እዋሻለሁ።

ወጥቼ ሂልዳ ዘንድ ደወልኩ። «ሐሙስ አዳራሹ ነይ። በሱ ቦታ ሆነሽ ግጠሚኝ።»

«ደንቡን መቼ አውቃለሁ?»

«ዴኒስ ያነብልሻል። የወጥ ቤቱን ዕቅድ አስታውሺ፣ ሌላ ምንም አታድርጊ።»

«ጨዋታው ደስ ባይልህስ?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። ከባሲል ጋር ስጫወት «አላውቅም» ብዬ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 26
ሂልዳ በባሲል ወንበር ላይ፣ ሹራቡን ለብሳ። ዴኒስ አጠገቧ ደንብ ያነብላታል። አፌ አላውቅም ይበል እንጂ እጄ መድፎቼን ሁሉ በጋሪው መንገድ ላይ ደግኖ ነበር። ልማድ!

ፈረሰኞቹን በሁለት እጇ አቅፋ አነሳች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምን እንደምትል አልሰማሁም። በጋሪው መንገድ አልመጣችም። ኮረብታው ላይ አወጣቻቸው። ክለቡ በሙሉ ጨዋታውን ትቶ ከበበን። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ!» ብሎ ዴኒስ ጠረጴዛውን መታ። እኔ መድፍ ለማዞር ስራወጥ ቀኝ ክንፌ ፈረሰ፣ ከዚያ መሃሉ። መላወሻ አሳጣችኝ። ሻይ ሳይቀርብ አለቀልኝ።

ሂልዳ ወታደሮቹን እየሰበሰበች ቀና አለች። «ከፋህ?»

አልከፋኝም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ጀርባዬን ላብ አጥምቆት ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በማንኛውም ሐሙስ እንዲህ ሊያደርገኝ ይችል ነበር። ባሲል የሚያስፈራ ተጫዋች መሆኑን አላውቅም ነበር።