ሰባት ማግኖሊያ፣ አንድ አምቡላንስ

ለክቡር አቶ ብራድፎርድ ቴልፌር
የሄሮን ሆሎው የጡረተኞች መንደር አልሚ ኩባንያ ፕሬዚዳንት
ፍሎሪዳ

ጉዳዩ፦ በመብዛታችን የተሰማንን ደስታ ስለመግለጽ

ክቡር ሆይ፤

በቅድሚያ እርስዎ፣ የተከበሩት ባለቤትዎ፣ እንዲሁም በመግቢያው በር ላይ የጎልፍ ጋሪ እየነዳ የቆመው የነሐስ ምስልዎ በመልካም ጤንነት እንድትገኙ ያለኝን ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የባለቤቴ የኦፓል ልብ ግን ደህና አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝም እሱ ነውና ጥቂት ደቂቃ እንዲሰጡኝ እለምናለሁ።

ኤመሪ ስቶልዝ እባላለሁ። ኦሃዮ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ደብዳቤ ያደልኩ ፖስተኛ ነኝ፤ ስለዚህ ስለ አድራሻ ስናገር ከሆዴ አውጥቼ አይደለም። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ወደ ሄሮን ሆሎው ስንገባ፣ በሩ ላይ ያሰቀሉት ሰሌዳ የነዋሪው ቁጥር ስድስት ሺህ ነው ይል ነበር። ዛሬ ሰኞ ጠዋት ስልሳ ሁለት ሺህ ይላል። በዓለም ላይ ልጅ ሳይወልድ እንዲህ የሚባዛ ሕዝብ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። መውለጃችን ካለፈ ሠላሳና አርባ ዓመት ሆኖን ሳለ ለዚህ ያበቃን የሽያጭ ክፍልዎ ነውና ምስጋናችን ወሰን የለውም። በመዋኛ ገንዳው ውስጥ አሁን የሚዋኝ ሰው የለም፤ በአውቶቡስ እንደተሳፈረ ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ቆመን እንውላለን። ሰሌዳው ሰኞ ሰኞ ሲለወጥ ሰዉ በር ላይ ተሰብስቦ ያጨበጭባል። እኔም አጨብጭቤ አውቃለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የምስጋናዬን ምክንያቶች በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ስሞቻችን። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ እኛ ዘንድ ግን የሚያወጣው የሽያጭ ክፍሉ ነው። እኛ ስንመጣ ማግኖሊያ የሚባል አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ እሱም የእኛው ነው። በዚያ ላይ ያሉት ቤቶች በአንድ ሳምንት ተሸጠው ሲያልቁ፣ ከጎኑ ያለው «ረግረግ ዳር» የሚባለው መንገድ ዓመት ሙሉ ገዢ አጥቶ ከረመ። ሰዎችዎ ጥፋቱን ያገኙት ከረግረጉ ሳይሆን ከስሙ ነው። ከዚያ ወዲህ ማግኖሊያ ጎዳና ተወለደ፤ ተከትሎም ማግኖሊያ ዙሪያ፣ ማግኖሊያ ማቋረጫ፣ ማግኖሊያ ጥግ፣ ማግኖሊያ ዳርቻ፣ በመጨረሻም ማግኖሊያ ቁልቁለት። በዚህ እንደ ጠረጴዛ በተዘረጋ አገር ቁልቁለቱን ከየት እንዳመጡት ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። የቤት ቁጥሮቹም በሰባቱም ላይ የሚጀምሩት ከሁለት መቶ ነው፤ ከአንድ መጀመር ያዋርዳል ተብሎ ይሆናል። አንድ ቀን ሽያጭ ክፍል ገብቼ፣ አንደኛ መንገድ፣ ሁለተኛ መንገድ ተብለው በቁጥር ቢጠሩ ምን ይላል ብዬ ብጠይቅ፣ እዚያ የምትሠራው ልጅ «ውይ አባቴ፣ ቁጥር እኮ ሆስፒታል ያስመስላል፤ ሰው እዚህ የሚመጣው ሆስፒታልን ሊረሳ ነው» አለችኝ። ልጅቷ የዋህ ናት፤ በእሷ አልፈርድም።

ሁለተኛ፤ ስለ ጸጥታችን። አምቡላንስ ከበሩ ከገባ በኋላ እንዳይጮኽና መብራቱን እንዳያበራ መመሪያ ማውጣትዎ፣ ቤት ሊገዙ የመጡ እንግዶችን ከድንጋጤ አድኗል። አምቡላንሱም ከጎልፍ ጋሪዎቻችን ኋላ ተሰልፎ በጨዋ ደንብ ይጓዛል። ጋሪ የምንነዳው ሰዎች ጆሯችን ደክሟል፤ የኋላ ማሳያ መስታወቱንም ባርኔጣ መስቀያ ካደረግነው ቆይተናል። እኔ ራሴ ባለፈው ክረምት ወደ ቢንጎ ጨዋታ ስሄድ ከፊቱ ሆኜ ግማሽ ማይል ያህል ስጎተት ቆይቼ፣ አልፎኝ ሲሄድ አየሁትና እጄን አንስቼ ሰላም አልኩት። ማን ታሞ እንደነበር አላውቅም። ፈርቼ አልጠየቅሁም።

ሦስተኛውን ልጽፍ ስል ኦፓል በትከሻዬ ላይ አዘንብላ አነበበችና፣ «ኤመሪ፣ ሰውየው እስከ ሦስት ድረስ አያነብልህም፤ ዊልማን አሁኑኑ አንሳ» አለችኝ። ምክሯን ባልሰማሁ ቁጥር ሲቆጨኝ ስለኖርኩ፣ ዊልማን አነሳለሁ።

ዊልማ ትራስክ በስተቀኛችን ባለው ቤት፣ ማግኖሊያ አንድ ብቻ በነበረበት ዘመን የገባች ጎረቤታችን ነበረች። ባለፈው መጋቢት አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ደረቷን ሲወጋት ስልክ አንስታ፣ «ማግኖሊያ፣ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት፤ ኧረ ቶሎ በሉ» አለች። የትኛው ማግኖሊያ ተብላ ተጠየቀች። «እንዴት የትኛው? ማግኖሊያ ነዋ» አለች። ይህን የሰማሁት የስልኩን ቅጂ አስከፍታ ካዳመጠችው ከእህቷ ልጅ ነው። እዚህ ላይ ጥፋት አለ ከተባለ፣ ጥፋቱ የእኛ የቀደምቶቹ ነው፤ «መንገድ» የምትለዋን ቃል አንናገራትም። ጎዳና ነን፣ ዙሪያ ነን እያሉ ይጨምሩ እንጂ በኋላ የመጡት፣ እኛ ማግኖሊያ ነን። ኩራት ነው፤ ምን ይደረጋል።

አምቡላንሱ ስድስት ማይል ርቆ ከማግኖሊያ ዳርቻ፣ ከሁለት መቶ አሥራ ስድስት ቁጥር ደጃፍ ቆመ። እዚያ ያገኟቸው ባልና ሚስት ዳንስ ሲለማመዱ ነበር። ዊልማ ዘንድ ሲደርሱ ሠላሳ አንድ ደቂቃ አልፎ ነበር። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከእሷ ግድግዳ ሃያ እርምጃ ርቄ፣ እያፏጨሁ ሣር አጠጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሣር ሳጠጣ አላፏጭም። አርብ ዕለት የወጣው የመንደራችን ጋዜጣ «ወይዘሮ ዊልማ ትራስክ ወደ ሌላ መኖሪያ ተዛውረዋል» ሲል ጻፈ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በጋዜጣዎ ላይ አንድ ሰው እንኳ ሞቶ አያውቅም፤ ሰሌዳውም በተከታዩ ሰኞ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ይህን የመሰለ አየር ያለው አገር ስላገኘን ዕድለኞች ነን።

አሁን ወደ ኦፓል ልመለስ። ከልቧ ደም ሥሮች አንዱ ጠቧል። ሐኪሟ፣ «ሕመሙ ከጀመረዎት የምንቆጥረው በደቂቃ ነው፤ ሩብ ሰዓት ካለፈ እኔም የማደርግልዎት የለኝም» ብሏታል። ስለዚህ በየቀኑ ቁርስ ላይ አስጠናታለሁ። «ማግኖሊያ መንገድ። ጎዳና አይደለም። ዙሪያ አይደለም። መንገድ» ትላለች፤ እኔ ደግሞ የስልክ ሠራተኛውን ሆኜ፣ «የትኛው መንገድ?» እያልኩ ላሳስታት እሞክራለሁ። «አንተ ሰውዬ፣ ልቤ ሊቆም ሲል ሰዋስው ልማር?» ትለኛለች። እንስቃለን። ከሳቁ በኋላ ግን እንደገና ከመጀመሪያው አስጠናታለሁ። ሃምሳ ሦስት ዓመት አብሬያት የኖርኩ ሴት፣ በአንዲት ቃል ትሞትብኛለች ብዬ እፈራለሁ፤ ክቡር ሆይ፣ በጣም እፈራለሁ።

ፍርሃቴን የሚያቃልልልኝ ኦቲስ ላንግፎርድ ነው። ኦቲስ ጆርጂያ ውስጥ ኮክ ሲያለማ የኖረ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ የሰማንያ ሁለት ዓመት ሰው ነው። የእኛ ቤት ማግኖሊያ መንገድ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሲሆን፣ የእሱ ማግኖሊያ ጎዳና ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው። የእኔ ደብዳቤ ለእሱ፣ የእሱ ለእኔ እየደረሰ ተዋወቅን፤ ረቡዕ ረቡዕ በጋሪው እየመጣ ፖስታ እንለዋወጣለን። «የሐኪም ቀጠሮህን እኔ ሄድኩልህ፤ ከአንተ የበለጠ ጤነኛ የለም ብለውሃል፣ እንኳን ደስ ያለህ» ይለኛል። ከዊልማ በኋላ ሁለታችን አንድ ውል ገባን። አምቡላንሱ ለአንዳችን ተጠርቶ በስሕተት ሌላው ቤት ከመጣ፣ የመጣበት ሰው ፈጥኖ ያርማቸዋል፤ ለሌላውም ይደውላል። ክቡርነትዎ በአሥራ አንድ ዓመት ያላሰቡበትን ነገር፣ ሁለት ሽማግሌዎች በረንዳ ላይ በግማሽ ሰዓት ጨረስነው።

ሦስተኛውን አሁን ልጻፈው፤ ኦፓል ጋደም ብላለች። ቤቱን ሲሸጡልን በሰጡን ባለቀለም መጽሔት ላይ፣ ከሐይቁ ማዶ ሆስፒታል ተስሎ ነበር፤ በሩ ላይ የምትስቅ ነርስም ነበረች። ባለፈው ሳምንት እዚያ ቦታ መሠረት ሲቆፈር አይተን፣ እኔና ኦቲስ በጋሪው እየተጣደፍን ሄድን። ያገኘነው «ማግኖሊያ ገነት» የሚል ሰሌዳ ነው፤ ስምንተኛው መሆኑ ነው። ኦቲስ ኮፍያውን አውልቆ ሰሌዳውን ሲያይ ቆየና፣ «ገነት ነው ያሉት? በል እንግዲህ፣ በሐኪም በኩል ከምንዞር በአቋራጭ ሊያስገቡን ነው» አለ። አምቡላንሷ ግን ዛሬም ስድስት ሺህ ሳለን የነበረችው ያችው አንዷ ናት። በሥራዋ ብዛት ሳትወልድ ቀርታለች መሰለኝ።

የምለምነው ጥቂት ነው። ስምንተኛው ማግኖሊያ ሳይከፈት ሰባቱን በቁጥር ይጥሩልን። አምቡላንሱ ሲመጣ ይጩኽ፤ መንገድ እንልቀቅለት። ሆስፒታሉንና ነርሷን ምሬዎታለሁ።

ይህ ካልሆነ ግን አንድ ነገር ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ስልሳ ሁለት ሺህ ሆነን ያረጀነው በአንድ ዘመን ነው። ሌላ ከተማ ሕፃንም ጎልማሳም ስላለው፣ ሞት በየቤቱ ተራ እየጠበቀ ይዞራል። እኛ ግን የመጣነው በአንድ ላይ ነው፤ ስልክ የምናነሳበትም ቀን የተቀራረበ ነው። አሁን አምቡላንስ የሚጠራው በቀን ሁለትና ሦስት ሰው ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በቀን ስንት እንደሚሆን የሽያጭ ክፍልዎ ቢያሰላው መልካም ነው። ያን ጊዜ በየማግኖሊያው ደጃፍ ስልክ ይዞ የቆመ ሰው ይኖራል፤ ሰሌዳው ግን በየሰኞው መጨመሩን አይተውም። ማታ በረንዳ ላይ ስቀመጥ፣ ከሐይቁ ማዶ የመቆፈሪያዎቹን ድምፅ እየሰማሁ የማስበው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ በጤናዎ ይክረሙልኝ። ስልክ ባነሱ ጊዜ «የትኛው?» ተብለው የማይጠየቁበት ቤት ስላለዎት ከልብ እየተደሰትኩ፣ ኩባንያዎ ከዓመት ዓመት እንዲሰፋ፣ እኛም እንዲመቻችሁ ጠጋ ጠጋ እንድንል ቃል እየገባሁ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን የማይጎድል አክብሮት በድጋሚ አቀርባለሁ።

ኤመሪ ስቶልዝ
ማግኖሊያ መንገድ (መንገድ) ሁለት መቶ አሥራ አራት

ግልባጭ፦
በሰባቱም ማግኖሊያ ሁለት መቶ አሥራ አራት ቁጥር ለሚኖሩ፤ ለማንኛችንም ቢጻፍ ለሁላችንም መድረሱ አይቀርም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ሰኞ ፈርሜ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ነበር። ትናንት ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ ኦፓል አተር ስትፈለፍል፣ ሁለት ወጣቶች ቃሬዛ ይዘው ኮሽታ ሳያሰሙ ገቡ። አንደኛው ከፊቷ ተንበርክኮ፣ «እናቴ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» አላት። «እኔንስ ምንም አያመኝም፣ ልጄ» አለችውና ቀና ብላ አየችኝ። ለማን እንደተጠሩ ሁለታችንም ያን ጊዜ ገባን። «ጎዳና ነው፣ መንገድ አይደለም፣ ኧረ ሩጡ» ብዬ አስወጣኋቸው። ኦቲስ ዘንድ የደረሱት ከሃያ ሦስት ደቂቃ በኋላ ነው፤ አልጠበቃቸውም። ዛሬ ጠዋት የሽያጭ ክፍልዎ ቤቱን ለገዢ ሲያሳይ አይቻለሁ፤ ከአምቡላንሱ እንደሚፈጥን ልመሰክርለት እወዳለሁ። ትናንት ልጆቹን እንዳስወጣሁ በውላችን መሠረት ለኦቲስ ደወልኩለት፤ ወዲያው አነሳ። «ኤመሪ፣ ያቺን ቃል ረሳኋት መሰለኝ» አለኝ፤ ትንፋሹ ይቆራረጥ ነበር። ቀጥሎም «መጡ ወይ?» አለኝ፤ ደግሞ ቆይቶ፣ «መጡ ወይ?» አለኝ። ልጆቹ ውጭ ሆነው ጎዳናውን ከካርታ ላይ ይፈልጉ ነበር፤ እኔ በመስኮት አያቸዋለሁ። «አዎ ኦቲስ፣ መጥተዋል፤ በር ላይ ናቸው» አልኩት። አልዋሸሁትም፤ በር ላይ ነበሩ፣ በእኔ በር ላይ።