የሽኝት ጨርቅ ስላበዙልን

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት፤

በዮሩባ ሕዝባችን ወግ እንደ ሴት ልጅነቴ ከጉልበቴ ሸብረክ ብዬ ጤናዎን እየጠየቅኩ፣ የቢሮዎን ማቀዝቀዣ የሚያንቀሳቅሰው ጄኔሬተር ለአፍታም እንዳይጠፋብዎ ከልብ እመኛለሁ። የከርሰ ምድር ውኃ ትምህርት ክፍል ባልደረቦቼም ሰላምታ ያቀርቡልዎ ነበር፤ ዳሩ ግን ግማሾቹ ካናዳ፣ ግማሾቹ ሪያድ ስለሆኑ የእኔው ብቻ ይድረስዎ።

ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ/ ለሠርግ አንድ ዓይነት ጨርቅ አሰፍቶ የመልበስ ወጋችን ለመምህራን ሽኝት እንዲውል ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት ብቻ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅና ብርቱካናማ ለብሰን ጆሎፍ የሚባለውን የድግስ ሩዛችንን በልተናል፤ እርስዎም በየድግሱ እየተገኙ «አምባሳደራችን ሆነህ ሂድ» ብለው መርቀዋል። አንዳቸውንም ግን «ምን ብናደርግልህ ትቀራለህ?» ብለው ሲጠይቁ አልሰማሁም። ቁም ሣጥኔ ሞልቷል።

፪ኛ/ የውኃ መመርመሪያ መሣሪያችን ከተበላሸ ወዲህ «በጀት የለም» የሚል መልስ በትሕትና እየሰጡን ነው። በዚሁ መካከል ግን ግዙፉ የግቢ በር ተሠርቶ ተመርቋል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ፤ ደግሞስ ለሚወጣ ሰው ሰፊ በር ያስፈልጋል።

፫ኛ/ ይህኛው ምስጋና አይደለም። ሲሚሶላ የምትባል የዶክትሬት ተማሪ አለችን፤ የመንደሮች የጉድጓድ ውኃ ለምን ጨዋማ እየሆነ እንደመጣ የምታጠና። የመጀመሪያው አማካሪዋ ሄደ፤ ሁለተኛውም ተከተለው፤ አማካሪ በተለወጠ ቁጥር እሷ ጥናቷን ከሥሩ ትጀምራለች። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ «እኔ የትም አልሄድም» ብዬ ምዬላታለሁ። ባለፈው ሳምንት ካናዳ ሥራ አግኝቼ እሺ ማለቴን ስነግራት አላለቀሰችም። «ታዲያ ዶክተር፣ የአሁኑ ጨርቅ ምን ቀለም ነው? ልብስ ሰፊዬ ቀድሞ ይወቀው» አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ክቡርነትዎ፣ ጥፋቱን ሁሉ በእርስዎ ላይ ጭኜ ብሄድ ይቀልለኝ ነበር። ነገር ግን በየሽኝቱ ሲያጨበጭቡ እኔም ከፊት ወንበር ተቀምጬ አጨብጭቤያለሁ። ለመሄዴ ምክንያት አላጣሁም፤ ምክንያትማ ለማን አልቆበት ያውቃል? ልጅቷን ግን ሜዳ ላይ ጥያት የምሄደው እኔ ነኝ፤ አፍሬያለሁ።

እድሜና ጤና፣ ለምርቃትዎም የማያልቅ ሕዝብ ይስጥዎ ብላ የምትመርቅዎ፣ በቅርቡ «አምባሳደርዎ» የምትሆነው ታዛዥዎ፣

ዶ/ር ሞሮላዮ አዴጎኬ

ማሳሰቢያ፦ ሲሚሶላም እንድትከተለኝ እዚያው ካናዳ ቦታ ለምኜላት ነበር፤ ለእሷ አስቤ ብቻ ሳይሆን ጥፋቴ ይቀልልኝ ብዬ ነው። «አንደኛ ዓመቶቹን ታዲያ ማን ያስተምራቸዋል?» ብላ እምቢ አለችኝ። ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን አንድ አስተማሪ ቀርታልዎታለች። እስካሁን ያለ ደመወዝ ስታስተምር እርስዎም እኔም እናውቅ ነበር።