ስለ ኬንያ ነፃነት ኮንጋ ላይ ላደረጉልን ንግግር የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ፊታውራሪ ሠረቀብርሃን፣
የወረዳችን ገዥና የኮንጋ ቡና መሬት ጌታ

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ የዘሩትን ሳያጭዱ እንዲያልፉብን ከቶ አንሻም። እኔ ያን ዕለት ንግግርዎን በአገራችን ቋንቋ ያሰማሁት አስተርጓሚ ነኝ። ደጅ ብጠና ስላላስገቡኝ ምስጋናዬን ዲላ ገበያ ላይ ለጥፌዋለሁ።

፩ኛ. ኬንያ ነፃ በወጣችበት ቀን ኮንጋ ድረስ ደክመው መጥተው፣ ሽማግሌዎቻችን ለዳኝነት በሚቀመጡበት ሶንጎ መካከል ቆመው፣ እንግሊዝ ለሙን መሬት እንዴት እንደነጠቀ፣ ባላገሩም በአባቱ ምድር ጭሰኛ ሆኖ የሌላውን ቡና እየለቀመ ለራሱ እንዳይተክል እንደተከለከለ፣ ኋላም ገሚሱ ጫካ ገብቶ፣ ገሚሱ ታስሮ፣ መሪዎቹ ለንደን ድረስ ሄደው ተከራክረው ባንዲራቸውን እንደሰቀሉ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። «መሬት የሚለፋበት ሰው ሀብት ነው» የሚለውንማ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ደጋግመውታል።

፪ኛ. ከሶንጎው ሽማግሌዎች አንዱ የሆኑት አባቴ አቶ ሙሉካ ለክብርዎ የሶንጎውን በትር ቢሰጡዎ፣ እርስዎ ለፎቶግራፍ ያምራል ብለው በትሩን እንደጨበጡ ንግግርዎን አደረጉ። በእኛ ዘንድ ያን በትር ይዞ በሶንጎ የተናገረ ሰው ፈርዷል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስለዚህ የኮንጋ ጭሰኛ በማግስቱ ለእርስዎ የሚያስረክበውን የቡና እርቦ፣ ከአራት አንዱን እጅ፣ ከቤቱ አስቀረ። ታዛዥ ሕዝብ ነን።

፫ኛ. ለታዛዥነታችን ዋጋ ሽማግሌ አባቴን በእግር ብረት አስረው እስከ ዛሬ ስላቆዩልን እጅ እንነሳለን።

፬ኛ. «በትርጉሜ ሕዝቡን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብዬ ብፈርም አባቴን እንደሚፈቱልኝ በሰው የላኩብኝን ደግነት አልረሳውም። አልፈርምም። አባቴም «ከፈረምክ ልጄ አይደለህም» ብለውኛል። ከቃልዎ አንድም አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፤ ምናልባት ጥፋቴ ይኸው ይሆናል። ቂም ይዣለሁ፣ ክቡርነትዎ። ጥሩ አድርጌ ነው የያዝኩት።

ሶንጎውም ተቀምጦ ፈርዷል፦ አባቴ በገዛ እግራቸው ተራምደው ቤታቸው እስኪገቡ ድረስ፣ ቡናዎን የሚለቅም፣ አጥርዎን የሚያጥር፣ አያድርገውና በሞት ቢለዩን መቃብርዎን የሚቆፍር ሰው ከኮንጋ አይገኝም።

የትምህርትዎ ፍሬ፣ የሚገባዎትን ሁሉ እንዲያገኙ ሌት ተቀን የሚለምንልዎ፣
ጴጥሮስ ሙሉካ
ታኅሣሥ ፳ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ቡናዎ ቀልቶ መርገፍ ጀምሯል። ለቃሚ ፍለጋ ወርቃ ድረስ የላኩትን አሽከርዎንም የወርቃ ሰዎች በክብር አስቀምጠው፣ ቆጮ አብልተው፣ የኬንያን ታሪክ እንግሊዝ ከገባበት ቀን እስከ ባንዲራው ድረስ ተርከውለት ብቻውን ሸኝተውታል። አሁን ጌዴብን አልፎ እየፈለገ ነው፤ ታሪኩ ግን ቀድሞት ሄዷል።