በካሚዮኑ በር ላይ የቀረ እጅ

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለሥራነሽ፣ አዲስ አበባ።

ከሰላምታዬ በፊት ኑዛዜዬ ይቅደም። እኔ ኃጢአተኛው ወንድምሽ እንዳላማው፣ በፍልሰታ ጾም በሦስተኛው ቀን፣ እናታችን ለጾም መፍቻ ከደበቀችው ቅል ቅቤ ሰርቄ በቂጣ በልቻለሁ። ለንስሐ አባታችን እንዳትጽፊላቸው፤ ለአንዲት እንቁላል አርባ ስግደት የሚያዙ ሰው ለቅቤማ ጉልበት አያስተርፉልኝም።

አሁን ልጠይቅሽ፤ እንደምን ከርመሻል? ያ የወገብሽ ሕመም ተወሽ? ልጅሽስ ጥርስ አበቀለች? እኛ ጋ ጭጋጉ ከጮቄ ወርዶ እንደ እንግዳ ተቀምጧል። እናታችን ደኅና ናት፤ ከእኔ በቀር የሚያማት ነገር የለም።

እታለም፣ የምጽፍልሽ ፈርቼ ነው። በጉልበቴ ላይ ስለምጽፍ ፊደሉን ታገሺው።

ጣሊያኖቹ ጋራዥ መግባቴን ታውቂያለሽ። ሥራዬ የተፈታ የካሚዮን በርና ኮፈን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ በቤንዚን አጥቤ፣ ለቀለም ቀቢው ለአያ ሐምዱ ማቅረብ ነው። እሳቸው ቀዩን የመጀመሪያ ቀለም ይቀባሉ። ጥቁሩ የመጨረሻ ቀለም ከእናንተ ከተማ እስኪመጣ በሮቹ መጋዘን ይቆያሉ፤ ዱር የገቡት ሰዎች መንገዱን ከቆረጡት ወዲህ ቆይታው ረዝሟል። አያ ሐምዱም እንደ ሙሽራ ይጠብቋቸዋል፦ መሬት አይንኩ፣ እርስ በርስ አይደገፉ፣ ሸራ አይልበሱ፣ ያልባቸዋል እያሉ። ቀዩ ቀለም እንደ ደረቅ አፈር ውሃ ይጠጣል፣ ላሜራውም ሳይታይ ከሥር በዝገት ይበላል ይላሉ። የእጅ ቅባት ቀለም ስለማያስይዝ፣ ባዶውን ላሜራ በእጅ መንካትማ በእሳቸው ዘንድ ጾም ከመግደፍ ይብሳል። እኔ ሁለቱንም በአንድ ቀን ፈጸምሁ።

ቂጣዬን ከመጋዘኑ ጀርባ በላሁ፣ ጣቴን ላስሁ፣ የታጠቡ ሁለት በሮች ተሸክሜ ወሰድሁላቸው። ተቀቡ፣ ደረቁ፣ እኔም ረሳሁት። ትናንት ጠዋት ግን የአንደኛው በር ቀለም ተላጦ፣ አምስት ጣት ከነመዳፉ ዝገት ሆኖ ወጣ።

አስተርጓሚው አለቃ አካለ ወልድ አፍንጫቸው ከእሳቸው ቀድሞ የሚደርስ ሰው ናቸው። አሽትተው «ቅቤ!» አሉ፣ ወንጌል እንደሚያነብ ሰው ድምፃቸውን ጎተት አድርገው። ለጣሊያኑ ካፒቴንም፣ እኛ ክርስቲያኖቹ ሁላችን ጾመኞች ነን፣ በፍልሰታ ቅቤ የሚነካ ከሐምዱ በቀር ማን አለ ብለው አስረዱ። ካፒቴኑ ደግሞ፣ ካሚዮኑ እንዲበሰብስ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፣ ለሽፍቶቹ ያደረ ሰው ሥራ ነው አለ። ባለፈው ወር እንዲህ የተባሉ ሁለት ሰዎች ከገበያው ዳር ተሰቅለው ሦስት ቀን አልወረዱም ነበር።

አያ ሐምዱ ዝገቱን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። «ይቺን የድመት መዳፍህን ታጠብ» ያላሉኝ ቀን የለም፤ እጄን ያውቁታል። ሰፊ እጃቸውን ዝገቱ ላይ ጭነው መጠኑ እስኪጠፋ አሹትና «የእኔ ሳይሆን አይቀርም» አሉ። አሥረው ወሰዷቸው። ነገ ጠዋት ይፈረድባቸዋል። እኔ ግን፣ እታለም፣ የእኔ ነው ሳልል ብርጭቆ ወረቀቴን አንሥቼ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

አሁን መጋዘን ውስጥ ነኝ። ከሰዓት በኋላ በሮቹ ሁሉ ሊመረመሩ ስለሆነ ሁለተኛውን በር ቀድሜ ፈለግሁት። ቀለሙ በእጄ ቅርጽ አብጧል። መዳፌን ባስጠጋው ልክክ አለ። ብርጭቆ ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ጥቂት ብፈትገው ይጠፋል፣ የሚያውቅብኝም የለም። አያ ሐምዱን የሚያድን ሌላ ምስክርም ግን የለም። ሦስት ጊዜ አወጣሁት፣ ሦስት ጊዜ መለስሁት። ገመዱ በዓይኔ ላይ ይሄዳል።

የአያ ሐምዱ ልጅ ሰልማ ለታሰሩት አባቷ ምሳ ይዛ ከግድግዳው ባሻገር ቆማለች። አጎቷ ነጋዴ ነው፣ ይህን ደብዳቤ ይዞ ወደ አንቺ ይመጣል።

ባልሽን ደምለውን እጅ ነሥቷል በይልኝ። የልጅሽን የጤናዬን ጉንጭ ሳሚልኝ። አማትሽንም፣ ቁጣቸውን ሳይሆን እሳቸውን፣ ሰላም በይልኝ። እናታችንን አደራ።

ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ ፲፫ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

የአለቃ አካለ ወልድ ከዘራ ድምፅ መጣ። ብርጭቆ ወረቀቱን በዚህ ደብዳቤ ጠቅልዬ በግድግዳው ቀዳዳ ለሰልማ እሰጣታለሁ፤ ከእኔ ጋር እንዳይቀር። ከዚያ ቀኝ እጄን በሩ ላይ ባበጠው ቅርጽ ላይ ጭኜ እጠብቃቸዋለሁ። ይኸው፣ የመጋዘኑ ደጃፍ ደርሰዋል። «እንዳላማው!» ይሉኛል።