ለሰርቪሱ ፈቃድ፣ ለቄሱ ዘር

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ሙሉቀን ደውሎ ደህና አደርሽ እንኳ ሳይለኝ «ዝርዝሩ የለም» አለ። ቡሬ ያለው የዘር መጋዘናችን ኃላፊ ነው። ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ፎልደሩን ደግመህ ክፈተው አልኩት። «ሦስት ጊዜ ከፈትኩት፤ ባዶ ነው። ደጃፌ ደግሞ አህያ በያዘ ሰው ሞልቷል» አለኝ።

እዚህ ፍኖተ ሰላም ባለው የግብርና መሥሪያ ቤታችን ሰርቨር ላይ፣ ማንም የማያየው አንድ ሰርቪስ የሚባል ፕሮግራም አለ። በየንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ብቻውን ይነሳል፣ ቀበሌዎች የላኩትን የገበሬ ስም ይሰበስባል፣ ምርጥ ዘር የሚወስዱትን ሰዎች ዝርዝር አውጥቶ ቡሬ የሚከፈተው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ሙሉቀን ከዚያ ላይ ስም እየጠራ በቆሎውን ያድላል። ሥራው ይኸው ነው። ዛሬ አልተነሳም።

ቢሮ ገብቼ አስነሳሁት፤ ወደቀ። ደግሜ አስነሳሁት፤ ወደቀ። የስህተት መዝገቡ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው፦ አካውንቱ አይታወቅም።

የማን አካውንት? የታደለ።

ታደለ ከእኔ በፊት ሰርቨሩን የያዘ ልጅ ነው። ባለፈው ወር ለቆ አዲስ አበባ ገብቷል። ሰርቪሱን ለካ በገዛ ስሙ ነበር የሚያስኬደው፣ እንደ ግል በቅሎው! ባሕር ዳር ያለው የመረጃ ማዕከል የለቀቁ ሰዎችን አካውንት ይጠርጋል። የታደለን ቅዳሜ ዕለት ጠርጎታል። ሰርቪሱ የሚነሳበት ስም አጣ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌታነህ የቢሮዬ በር ላይ ቆመው «አጥፍተሽ አብሪዋ» አሉኝ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ታደለ አልተመለሰም።

ሙሉቀንን በእጅ በተጻፈ ወረቀት አድል ስለው እምቢ አለ። አምና እንዲያ ሲያድል በአንድ ስም ሁለት ሰው እየወሰደ ፍዳውን አይቷል። ከሰርቨር ያልወጣ ዝርዝር አልቀበልም አለ። ልክ ነው። ልክ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ታደለ ስልኩን ያነሳው ከስንት ጥሪ በኋላ ነው። የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩለት። እሱ እቴ፣ ረጋ ብሎ አዳመጠኝ። «ለሰርቪሱ የራሱ አካውንት እንዲፈቅዱለት ለማዕከሉ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። መልስ ሳጣ በራሴ ስም አስነሳሁት። ገበሬው ደብዳቤ እስኪመለስ ይጠብቃል?» አለኝ። ሰበብ መሰለኝ። ታዲያ ስትሄድ ምነው ሳትነግረኝ አልኩት።

«መልቀቂያ ቅጼ ላይ በእጁ የመሥሪያ ቤቱ ነገር የለም ብለሽ የፈረምሽው አንች አይደለሽ እንዴ?»

ፈርሜያለሁ። እኛ ዘንድ የሚለቅ ሰው ቅጹን ይዞ ከበር በር ይዞራል፤ ንብረት ክፍል ወንበሩን ይቆጥራል፣ መዝገብ ቤት ፋይሉን ይቆጥራል፣ ሁሉም ይፈርማል። እኔ የቆጠርኩት ላፕቶፕ፣ ቻርጀርና የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ነው። በስምህ የሚሠራ ምን አለ ብዬ አልጠየቅሁም። ሻይ እየጠጣሁ ነው የፈረምኩት።

ከዚያ በኋላ ንዴቴ መድረሻ አጣ። ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት፤ ጣቴ አብጧል።

እልህ ይዞኝ ሥራ ጀመርኩ። እዚሁ ሰርቨሩ ላይ ለሰርቪሱ ብቻ የሚሆን፣ የማንም ሰው ስም የሌለበት አካውንት ከፈትኩ። የሚጎድለውን ፈቃድ አንድ በአንድ፦

የቀበሌዎቹን ፎልደር ማንበብ። ሰጠሁ።
የቡሬው ፎልደር ላይ መጻፍ። ሰጠሁ።
ዳታቤዙ ውስጥ መግባት። ግማሽ ቀኔን በላው፤ ሰጠሁ።
ሰው ሳይነካው ብቻውን መነሳት። ሰጠሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲል አስነሳሁት። ተነሳ! ዝርዝሩ ወጣ። ብቻዬን አጨበጨብኩ። አቶ ጌታነህ ድምፁን ሰምተው ብቅ አሉና «እኔስ አጥፍተሽ አብሪዋ አላልኩሽም?» አሉኝ። አዎ ጋሼ አልኳቸው። ምን ልበላቸው?

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ጠዋት በሰዓቱ ተነሳ። ሙሉቀን ማደል ጀመረ። ቁርሴን በሰላም በላሁ።

አራት ሰዓት ላይ ሙሉቀን ደውሎ «አንድ ቄስ አልሄድም ብለውኛል፤ አንች አናግሪያቸው» ብሎ ስልኩን ሰጣቸው። ቄስ አላምረው ይባላሉ። ከቡሬ ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ በሌሊት ተነስተው፣ በእግራቸው፣ አህያ እየነዱ ነው የመጡት። ሰኞም መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።

«ልጄ፣ ስምዎ የለም ተባልሁ። ኸዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ተመዝግቤ አይደለም ወይ የመጣሁ? ሰውየው ጠምጥሞ የሰው ዘር ሊወስድ መጣ እያሉ ሲንሾካሾኩ በጆሮዬ ሰማሁ።»

አባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ አልኳቸው። ለሰኞ ይደርሳል ልላቸው ስል አቋረጡኝ።

«ሰኞ ምን ያደርግልኛል? ነገ ማርያም ናት፣ ቅዳሜ ጊዮርጊስ፣ እሑድ ሰንበት። ያለችኝ አርብ ብቻ ናት። ወንፈል የገባኋቸው ጎረቤቶቼ በሬያቸውን ጠምደው የሚመጡልኝ ማክሰኞ ነበር፤ ዘር ሳጣ ለአርብ አሸጋገሩልኝ። አርብ ካለፈችኝ ተራው ለሌላ ነው፤ እኔ አንድ በሬ ይዤ ምን ልሆን?»

አሁን ሁሉ ነገር ቀን ተቆረጠለት። ዘሩ ነገ ሐሙስ እጃቸው መግባት አለበት።

ፈለግሁ። ታደለ የእሳቸውን ጨምሮ የሦስት ቀበሌዎችን ስም ለብቻ ፎልደር ውስጥ አስቀምጦት ኖሯል። ለማንበብ የተፈቀደለት ለታደለ ብቻ ነው። አዲሱ አካውንት እዚያ ሲደርስ ይከለከላል። ሰርቪሱ ተብዬው ደግሞ የተከለከለውን ዘሎ ያልፋል፤ አይጮህ፣ አይወድቅ፣ ጎደለኝ አይል! የሦስት ቀበሌ ሰው እንዳልተፈጠረ አድርጎ ዝርዝሩን አሳምሮ ጨረሰ። እኔ ደግሞ ማታ ገልጬ ሳላየው አጨበጨብኩ።

ለሙሉቀን ደውዬ ሰውዬውን ለምን ሰው ፊት አዋረድካቸው ብዬ ጮኽኩበት። «ያልተጻፈ ስም ልጥራ?» አለኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው የእኔ ነገር፤ ራሴ ላይ መጮህ ሲገባኝ እሱ ላይ ጮኽኩ።

ለፎልደሩ ፈቃድ ሰጥቼ ሰርቪሱን ላስነሳው ስል መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ፤ አልመጣም። ሌሊት ከመጣ ንጋት ላይ ብቻውን ይነሳል። ለቄሱ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይምጡ ብዬ በሙሉቀን ስልክ ነግሬያቸዋለሁ። «ቃልሽ ነው?» አሉኝ። ቃሌ ነው አልኩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

አልተነሳም።

መብራቱ መጥቷል፣ ሰርቨሩ በርቷል፣ ሰርቪሱ ሞቷል። ማክሰኞ በእጄ የሰጠሁት ብቻውን የመነሳት ፈቃድ የለም። ማንም አልነካውም፤ ክፍሉ ተቆልፎ ነው ያደረው። ያበድኩ መሰለኝ።

ባሕር ዳር ማዕከል ደወልኩ። ባለሙያው ቡና እየጠጣ መሆኑ ድምፁ ያስታውቃል። ሰርቨር ጠፍቶ በበራ ቁጥር የማዕከሉ መመሪያ ይወርዳል፤ መመሪያው ውስጥ ስሙ የሌለ አካውንት እዚህ የተሰጠው ፈቃድ ይሰረዛል። የባለሙያዎች ስም አለበት። የታደለም ነበረበት። «ሲስተሙ በትክክል እየሠራ ነው» አለኝ። አዎን፣ በትክክል! ታዲያ የኔን አካውንት አስገባልኝ አልኩት። «በማህተም የተደገፈ ደብዳቤ ላኩ፤ ኮሚቴው ማክሰኞ ያየዋል።»

አቶ ጌታነህ «ምን ያስጨንቅሻል፣ በራስሽ አካውንት አስኪጂው» አሉኝ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የይለፍ ቃሌን መጻፍ ሁሉ ጀምሬ ነበር። ታደለን ስረግም የሰነበትኩት በምን ነበር? ነገ እኔ ብታመም፣ ብሞት፣ ደምበጫ እናቴ ጋ ብመለስ፣ ይኼው ሕዝብ መጋዘን ደጃፍ ይቆማል። አላደርገውም ጋሼ አልኳቸው። «ግትር ነሽ» አሉኝ። ነኝ።

ፈቃዱን በእጄ መልሼ ሰጠሁና መብራት ሄዶ መመሪያው መልሶ ሳይነጥቀኝ ወዲያው አስነሳሁት። ዝርዝሩ ወጣ። ዛሬ እያንዳንዱን ገጽ አየሁ። ሦስቱ ቀበሌዎች አሉ። አላምረው አሉ።

ወደ ቡሬ ኔትወርክ የለም። የለም! በወረቀት አተምኩት። በወረቀት ከሆነ ማህተም ይፈልጋል፤ የማህተሙን መሳቢያ ቁልፍ የያዘችው ጸሐፊያችን የማርያም ማኅበሯ ላይ ናት። ቤቱን እየጠየቅሁ ሄድኩ። ሳትቀምሽ አትወጪም ብለው ያዙኝ። ቆሜ አንድ ጣሳ ጠላ ጠጣሁና ቁልፏን ተቀብዬ ሮጥኩ።

በሚኒባስ ቡሬ ስደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ቄሱ የመጋዘኑ ግድግዳ ሥር ተቀምጠዋል፤ አህዮቻቸው አጠገባቸው። ነጭ ጥምጥም ያደረጉ፣ ቀጭን፣ አረጋዊ ሰው። ብዙ ሰው አለ። ትናንት የነበሩትም አሉ። ለሙሉቀን ዝርዝሩን ሰጥቼ መመለስ እችል ነበር። መሐል ገብቼ ቆምኩ።

የእሳቸው ስም መጀመሪያም ነበረ፤ የጎደለው በእኔ ጥፋት ነው፤ ሳላየው ነው የላክሁት አልኩ። ጮክ ብዬ። አንዱ «አይ የተማረ!» አለ። ይበለኝ።

ቄሱ በመስቀላቸው አሳለሙኝ። «ይቅርታሽን ተቀብያለሁ። እኔ ሰው ነኝ። ማሳው ግን ይቅርታ አያውቅም፤ ቀኑን ነው የሚያውቅ» አሉኝ። ክፉ አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጭነው ሲሄዱ እስኪርቁ አየኋቸው።

አርብ፣ ግንቦት 22

ጠዋት መዝገብ ቤት ገብቼ የታደለን ደብዳቤ ግልባጭ ፈለግሁ። አለ! ቁጥር አለው፣ ማህተም አለው፣ የማዕከሉ «ደርሶናል» ፊርማ አለው። ሰበብ አልነበረም። አዲስ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ አቶ ጌታነህን አስፈረምኩ፣ ከአሮጌው ጋር ስካን አድርጌ ላክሁ። ከዚያ ደወልኩ።

ኮሚቴው ማክሰኞ ነው አለኝ ያው ባለሙያ። አሮጌውን ደብዳቤ ክፈትና የፈረመበትን ሰው ስም አንብብልኝ አልኩት። ራሱ ነው የፈረመው። «ከሰዓት በኋላ ደውይ» አለኝ፤ ድምፁ አንሷል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ነገ ጊዮርጊስ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ የሰርቪሱ አካውንት መመሪያው ውስጥ ገብቷል የሚል መልእክት ላከ። ለአንድ መስመር ጽሑፍ ይህ ሁሉ!

ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ዶፍ ነው የሚጥለው። በየመሐሉ መስኮቱ ጋ እየሄድኩ ወደ ቡሬ በኩል ያለውን ሰማይ አያለሁ። ጥቁር ነው። ለታደለ ደውዬ ይቅርታ ልለው አስቤ ነበር፤ አልደወልኩም። ሰሞኑን እደውላለሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ቢሮ ገባሁ። ሰርቨሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ መመሪያው ይውረድና ልየው ብዬ። እጄን ከኪቦርዱ አንስቼ ተቀመጥኩ። በሰዓቱ፣ ብቻውን ተነሳ። ዝርዝሩን ገልጬ አየሁ፤ ምንም አልጎደለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ለዚህ ነው እንዴ ብዬ እንደገና ተቃጠልኩ።

ሙሉቀን ደወለ። ኔትወርኩ ተመልሷል፣ ዝርዝሩ ደርሶታል። ሐሙስ ቃሌን ስለጠበቅሁ ማመስገኑም መሰለኝ፤ «ጎሽ» የምትል ቃል ከአፉ ወጣች። ቄስ አላምረውስ አልኩት። ጎረቤታቸውን መጋዘኑ ደጃፍ አግኝቶት ጠይቆልኛል። ትናንት በጠዋት አምስት ጥማድ በሬ ወጥቶላቸው ነበር፤ እስከ ቀትር ዘሩ፤ ከዚያ ዝናቡ አስቆማቸው። በሬዎቹ ከሰኞ ጀምሮ የሌላ ሰው ተራ ናቸው።

ስንቱን ዘሩ አልኩት።

«ግማሹን» አለኝ።

ሰኞና ማክሰኞ እዚያ አገር ጠራራ ፀሐይ ነበር አሉ።