ራሴን ያመመኝ እሑድ

ኅዳር 10 ቀን 1957፣ ሐሙስ፣ ዳንግላ

ልብስ አጠብሁ። የኮርቻው ቆዳ ተቀዶ ሰፋሁት፤ ጣቴንም አብሬ ሰፋሁት። ልብሱን ሳሰጣ ደግሞ ዘነበ። በኅዳር! ይሄ አገር ዝናቡን የሚጨርሰው መቼ ነው?

ከሰዓት በኋላ አቶ አዝመራው ግምጃ ቤት ማዶ ከሚባለው መንደር መጡ። እዚያ ያለው የሚሲዮን ጉባኤያችን ሽማግሌ ናቸው። ድሮ "አንቺ ይታይሽ" ነበር የሚሉኝ። ፈረንጁ ቄስ ወደ አገሩ ሲመለስ ሽማግሌዎቹ እጅ ጭነውብኝ ቄስ ካደረጉኝ ወዲህ ግን "እርስዎ" ሆኛለሁ። ፈረሴን እንኳ እሳቸው ካልጫኑልኝ ይቆጣሉ። "ቄስ ኮርቻ ሲሸከም የት አገር ነው የታየው?" ይላሉ። ገበያ ላይ ግን ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው "ቄሲት መጣች" እያሉ ይስቃሉ። ምን ያድርጉ... እኔም ስሰማው ግር ይለኛል።

የመጡት ለጌታ እራት ነው። እጅ ካልተጫነበት ሰው በቀር ኅብስቱን ቆርሶ የሚሰጥ የለም፤ በዚህ ሁሉ አገር ደግሞ ያለሁት እኔ ብቻ።

"እማማ ስሜነሽ ታመዋል" አሉኝ። "የሚተርፉ አይመስለኝም። ቁርባን፣ ቁርባን ነው የሚሉት።"

በሚቀጥለው ሳይሆን በሌላኛው እሑድ እመጣለሁ አልሁ።

ኅዳር 19፣ ቅዳሜ

ደረስሁ። መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው፤ ፈረሱም እኔም አንድ ቀለም ሆነናል። ያረፍሁት እማማ ስሜነሽ ቤት ነው፤ ጸሎት ቤቱ ከደጃፋቸው ፊት ለፊት ስለሆነ። ልጃቸው የሻረግ እግሬን አጠበችኝ። አፍሬ ነበር፤ እምቢ ብል አልሰማችኝም።

እማማ መደቡ ላይ ተኝተዋል። ከስተው ከስተው... እጃቸውን ስይዝ ደነገጥሁ።

"መጣሽልኝ?"

"መጣሁ እማማ።"

"የቆረብሁት ሕፃን ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲያ ባል፣ ልጅ፣ ጣጣ... ለእኔ ቢጤ አይሆንም እየተባልሁ ቀረሁ። ነገ ይሆናል?"

"ይሆናል። ምን ገዶት!"

እኒህ ሰው ወደ እኛ የመጡ ጊዜ ወንድሞቻቸው ሁሉ ፊታቸውን ነሥተዋቸዋል። ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም። የለመኑኝ ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው።

ለጽዋው ዘቢቡን ዘፈዘፍሁ። የሻረግ ለነገው ኅብስት ዱቄቱን ደጋግማ ስትነፋ አመሸች። እማማ ነጭ ቀሚሳቸው ታጥቦ ራስጌያቸው ይቀመጥ ብለው ተቀመጠላቸው።

ኅዳር 20፣ እሑድ

መጣብኝ። ገና ጎሕ ሲቀድ። የወር አበባዬ።

ምን ላድርግ? ታጠብሁ። ተቀመጥሁ። ተነሣሁ። የእናቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነው፦ "በዚህ ቀን እንኳን ቤተ ክርስቲያኑን፣ አጥሩንም እንዳትደገፊ!" ልጅ ሆኜ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ስንት ጊዜ ብርድ ላይ ቆሜ አስቀድሻለሁ...

እኔ ለእነዚህ ሴቶች ያስተማርሁት ግን ሌላ ነው። "በጌታ ፊት ሴትን የሚያረክስ ደም የለም" ብዬ፣ ጠረጴዛ እየደበደብሁ። ታዲያ እጄ ኅብስቱን መንካት ለምን ፈራ?

አቶ አዝመራው መጡ። "ሰው ተሰብስቧል። እንሂድ?"

"ራሴን አሞኛል።"

"በርትቶብዎ ነው?"

"በጣም። መቆም አልችልም። እናንተ ጸልዩ፤ እራቱ ሌላ ጊዜ ይደርሳል።"

ሌላ ጊዜ ይደርሳል! ከአፌ ወጣ።

እማማን በቃሬዛ አውጥተዋቸው ጸሎት ቤቱ በር ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ነጭ ለብሰው። በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። ጸሎቱ ሲያልቅ መልሰው አመጧቸው፤ እኔው ወደተኛሁበት ቤት። ተከናነብሁ። ከመደቡ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ግንባሬን ዳሰሱኝ።

"አይዞሽ ልጄ" አሉኝ። ለእኔ!

ኅዳር 21፣ ሰኞ

ማልጄ ምንጭ ወረድሁ፤ ጨርቄን ላጥብ። የሻረግ እንስራዋን አዝላ ደረሰች። እጄን አየች። ውሃውን አየች። እንስራዋን ሞልታ ሄደች።

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

ኅዳር 30፣ ረቡዕ፣ ዳንግላ

እማማ ስሜነሽ ዐረፉ። አቶ አዝመራው ራሳቸው መጥተው ነገሩኝ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ "የሚሲዮን ሰው እዚህ አይቀበርም" ስለተባለ በአቶ አዝመራው ማሳ ጫፍ ላይ፣ ከቀርከሃው ሥር ቀብረዋቸዋል።

"ስለ እኔ ያሉት ነገር አለ?" ብዬ ጠየቅሁ። ምን ልሰማ ብዬ ነው?

"የይታይሽ ራስ ምታት ለቀቃት ወይ? እያሉ ነበር። አንደበታቸው እስኪዘጋ ጸለዩልዎ።"

ከዚያ ወዲያ ያሉትን አልሰማሁም።

ታኅሣሥ 2፣ ዓርብ

ዛሬም አልጸለይሁም። በምን አፌ?

ታኅሣሥ 17፣ ቅዳሜ

ግምጃ ቤት ማዶ ተመልሻለሁ። ነገ የጌታ እራት አለ። ያረፍሁት አቶ አዝመራው ቤት ነው፤ የሻረግ ደጃፍ ደርሼ መግባት አቃተኝ።

ራት ላይ አቶ አዝመራው ደስ ብሏቸዋል። "ሴቶቹ ደግ ሥርዓት ይዘዋል" አሉ። መሬት መሬት እያዩ፣ "የሴት ልማድ ሲመጣባቸው ጸሎት ቤት አይገቡም፤ አጥሩ ሥር ይቆማሉ። እንደ ጥንቱ።"

"ማን አስተማራቸው?"

"የእርስዎ ትምህርት ነው አሉ እንጂ! የሻረግ ናት የነገረቻቸው።"

ጠረጴዛ ደብድቤ ያስተማርሁትን የያዘ የለም፤ ተከናንቤ ተኝቼ ያስተማርሁትን ግን ያዙት። ወይ ጉዴ! እማማን ቁርባን መንሣቴ ሲገርመኝ ለካ የቀሩትንም ከበር መልሻለሁ።

ታኅሣሥ 18፣ እሑድ

ደግሞ መጣብኝ። ዛሬውኑ! ሳቄ መጣ፤ ከዚያ አለቀስሁ።

ታጥቤ ለብሼ ወጣሁ። አጥሩ ሥር ሦስት ሴቶች ቆመዋል። አንዷ የሻረግ ናት።

"ግቡ" አልኋቸው።

"ዛሬ አንችልም" አለች የሻረግ። "እርስዎ ያውቁታል።"

"እኔም ዛሬ እንደ እናንተው ነኝ።" በሩ ላይ አቶ አዝመራው ቆመዋል፤ ቢሰሙም ይስሙ። "ያን ጊዜም እንዲሁ ነበርሁ። ራሴን አላመመኝም። ፈርቼ ነው የዋሸሁት። አሁን ገብቼ ኅብስቱን እቆርሳለሁ፤ አብራችሁኝ ግቡ።"

ፊቴ እሳት ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ወንድ ፊት ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናቴም እንኳ በጥቅሻ ነበር።

አንዷ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቤቷ ሄደች። ሌላዋ ተከትላኝ ገባች። የሻረግ ቆማ ቆማ ከሁሉ በኋላ ገባች። አቶ አዝመራው ዱላቸውን አንሥተው ወጡ፤ ወንዶቹ አብዛኞቹ ተከተሏቸው። ቤቱ ባዶ ባዶ ሆነ። ኅብስቱን ቆረስሁ።

የሻረግ መዳፍ ላይ ሳስቀምጥላት ቀና ብላ አየችኝ።

"ለእናቴም ይህንኑ ብታደርጊላት ምን ነበረበት?"

አንቺ አለችኝ። ጽዋውን ያዝሁላት፤ ጠጣች።

ፈረሴን የጫነልኝ ሰው የለም፤ ራሴ ጫንሁት። አቶ አዝመራው ከደጃቸው ሆነው አዩኝ፤ ደኅና ግቢም አላሉኝ። ምን ያድርጉ። መንገዴ ባይሆንም በማሳቸው በኩል ዞርሁ። ከቀርከሃው ሥር ወረድሁ። አፈሩ ገና አልረጋም። ቆሜ ብዙ ጸሎት ፈለግሁ፤ አንዱም አልመጣልኝ አለ።

"ራሴን አላመመኝም ነበር፣ እማማ" አልኋቸው።