ከሱቁ ጀርባ ያሉት ጎማዎች

ውድ ባለቤቴ፣

ዛሬ ጠዋት አንድ ሾፌር ደጃችን ቆሞ ጥሩንባውን ሲነፋ ወጥቼ "ጎሚስታው የለም" አልኩት። "መቼ ይመጣል?" አለኝ። አላውቅም ብዬ ተመለስኩና ይህን ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

አንድ ነገር ሳልነግርህ ውስጤ ሊፈነዳ ነው። ለካ እኔና አንተ ያን ሁሉ ጊዜ ስንታገል የኖርነው ከሌላዋ፣ ከማታዋ የወባ ቢምቢ ጋር ነበር!

ያኔ ሲመሽ መስኮት እዘጋለሁ፣ የአጎበሩን ጠርዝ ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር እሸጉጣለሁ፣ ከዚያ ነጠላ ጫማ ይዤ ግድግዳ መደብደብ ነው። አንተ አልጋው ላይ ተጋድመህ "አንቺ የቢምቢ ፖሊስ፣ ዛሬስ ስንቷን አሰርሽ?" እያልክ ትስቅብኛለህ። የመንገድ ዳሩን ቦይ ከጎረቤቶች ጋር የደፈንከውም እኔ ስለነዘነዝኩህ ነው። ቆሻሻ ውሃ ከሌለ ቢምቢ የለም ብለን አረፍን። ቀን የምትነክሰንንማ ማን ከቁም ነገር ቆጠራት? የጎማ ካላማዳሪ ውሃ ውስጥ ነክረህ አረፋ የሚወጣበትን ስትፈልግ፣ በአንዱ እግርህ ሌላውን እያከክ "ይቺ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ምን ታመጣለች?" አልከኝ። አብሬህ ሳቅሁ።

ትኩሳቱ ሲይዝህ ወባ ነው ብለን ተመረመርክ። "ወባ አይደለም" ሲሉን እንዴት ደስ አለን! ዓይኔን ከኋላው ወጋኝ፣ አጥንቴን ሰበረኝ ስትል ጉንፋን ነው አልን። ከዚያ ትኩሳቱ ለቀቀህ፤ ሾርባ ጠጣህ፣ ለእናትህ ደውዬ "ተርፏል" አልኳት። ይህ በሽታ የሚጨክነው ትኩሳቱ ሲበርድ መሆኑን ማን ነግሮን? በማግስቱ ድድህ ደማ፣ ሆድህን ያዝክ። ሐኪም ቤት ገባህ፣ አልወጣህም።

ከቀብሩ በኋላ ሐኪም ቤት ያስታመመችህ ነርስ ግቢያችንን ልታይ መጣች። ከሱቁ ጀርባ የቆለልካቸው አሮጌ ጎማዎች ውስጥ በስልኳ መብራት አየችና ጠራችኝ። የዝናብ ውሃ ነው፣ ጥርት ያለ፣ ልጠጣው የሚያሰኝ። ትናንሽ ትሎች ይውረገረጉበታል።

"ትኩሳቱን ያመጣችው ይቺኛዋ ቢምቢ ቆሻሻ ውሃ አትወድም" አለችኝ። "እግሯ ላይ ነጭ ነጭ ቀለበት አላት። የምትናከሰው ቀን ነው፣ ጠዋትና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ይብስባታል። እንቁላሏ ጎማው ላይ ተጣብቆ፣ ደርቆም ቢሆን ወራት ይቆያል። ውሃውን ደፍቶ መተው አይበቃም፣ እትዬ።"

ወንድምህ መኪና ይዞ ጎማዎቹን ሊጭናቸው መጣ። ልጃችን ክምሩ ላይ ተዘርግታ ተኛችበት። "የአባዬ ነው! አይነካም!" ያ ግዙፍ ሰውዬ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ አለቀሰ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ከእሷ ጋር ነበርኩ። አንተ በእጅህ የደረደርከው ሌላ ምን ቀረኝ? "ተወው በቃ፣ ይቅር" ልለው አፌን ስከፍት ክንዷን አየሁት። ቀይ እብጠት ነበረበት፣ ትኩስ፣ የዚያኑ ጠዋት የተነከሰችው።

አቅፌ አነሳኋት። እየረገጠችኝ፣ እየነከሰችኝ፣ ያዝኳት። ጎማዎችህ ተጫኑ። ሁሌ የምትቀመጥበትን አንዱን ብቻ ወንድምህ ውስጡን ፍቆ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ከሥሩ በሳልኝ። አንተ ዕድሜህን ሙሉ ቀዳዳ በደፈንክበት ግቢ ጎማ ስናስበሳ ይቅር በለን።

አሁን ልጃችንን ጠዋት ጠዋት ቢምቢ የሚያባርር ቅባት እቀባታለሁ፣ እጅጌው ረጅም ልብስና ካልሲ አለብሳታለሁ፣ በርሜሉን እከድናለሁ። ቀን ስትተኛም አጎበር ውስጥ ነው። ትናንት እግሯን ስቀባት "እማዬ፣ ለአባዬም ቀብተሽለት ነበር?" አለችኝ። አላወቅንም ነበር፣ ልጄ፣ አልኳት። ሌላውን እግሯን ዘረጋችልኝ።

እኔ ደግሞ ሥራ ፈትቼ ያቺን ቢምቢ እፈልግ ነበር፣ አንተን የነከሰችህን። ቀን ቀን ከመጋረጃው ኋላ፣ ከአልጋው ሥር፣ ካገኘኋት በእጄ ልጨፈልቃት። ነርሷን "የት የምትደበቅ ይመስልሻል?" አልኳት። እብድ ናት ሳትል እጄን ያዘችኝ። "እነሱ እኮ ከጥቂት ሳምንት በላይ አይኖሩም። ያቺ እስካሁን ሞታለች።"

ቤት ገብቼ መጋረጃውን ለቀቅኩት። ንዴቱ ደግፎ አቁሞኝ ኖሯል። አሁን የምጣላት የለችም፣ አንተም የለህም። ናፍቆትህ ብቻ ቀረኝ፤ እሱን አልቻልኩትም፣ ውዴ።

የልጅህ እናት